የጣና ዓሣ ዘር በጉማራ ጠጠር ላይ ነው
የወንዝ ዳር ገበሬ ማኅበራት ጥበቃ ለነጭ ዓሣ መመለስ ወሳኝ መሆኑ

ሐምሌ ተጋምሶ የጉና ተራራ ዝናብ ሲበረታ የጉማራ ወንዝ ደፍርሶና ሞልቶ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል። የሜዳው ገበሬ ጎንበስ ብሎ ሩዙን በሚያርምበት በዚያው ሰሞን በወንዙ ውስጥ ወደ ላይ የሚደረግ ሌላ ጉዞ አለ። በጣና ሐይቅ ውስጥ የከረመው ነጭ ዓሣ በወንዙ መግቢያ ላይ ተሰብስቦ ይቆይና፣ ጎርፉን እየተቃወመ፣ የወንዛዬን አካባቢ ይዞ ከዚያ በላይ ወዳሉት ትንንሽ ገባር ወንዞች ይወጣል። የሚሄደው ምግብ ፍለጋ አይደለም። እንቁላሉን የሚጥልበት ንጹሕ ጠጠርና ፈጣን ውሃ ፍለጋ ነው።

እንግዲህ በጣና ሐይቅ የሚሰገረው ነጭ ዓሣ ብዙው የሚወለደው በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ሥር በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህም በመሆኑ የሐይቁ ዓሣ መብዛትና ማነስ በባሕር ዳር ወደብ በሚታሰሩት ጀልባዎች ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። በጉማራና በርብ ወንዞች ዳርና ዳር ያሉ ገበሬ ማኅበራት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት በሚያደርጉት ወይም ሳያደርጉት በሚቀሩት ሥራ ጭምር ይወሰናል።

በዓለም ብቸኛ የሆነ ሀብት

የጣና ሐይቅ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ውስጥ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋነኞቹ ሲሆኑ፣ ከወንዝ የሚያገኘው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ከአራቱ ነው። ከእነርሱም ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በወረታ ግራና ቀኝ አልፈው ወደ ሐይቁ ይገባሉ።

ከሐይቁ የሚወጣው የዓባይ ወንዝ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ በጢስ እሳት ፏፏቴ ላይ 40 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ ከበታች ያለው ዓሣ ወደ ጣና እንዳይወጣ ለብዙ ሺህ ዓመታት እንደ አጥር ሆኖ ቆይቷል። በዚህም ምክንያት በጣና ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ ለብቻው እየተራባና መልኩንም ኑሮውንም እየለየ መጥቶ፣ ዛሬ ተመራማሪዎች 17 ያህል ዝርያዎች እንዳሉት ቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ አፋቸው ሰፊ ሆኖ ሌላ ትንንሽ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የቀሩት ደግሞ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣን፣ የውሃ ተክልንና በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችን ይመገባሉ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ግንድ ወጥተው እንዲህ ሥራ የተከፋፈሉ የዚህ ወገን ዓሦች ሳይጠፉ የቀሩበት ቦታ በዓለም ላይ ጣና ብቻ ነው። ይህንን የመሰለ ሀብት በመያዙና በሌሎችም ምክንያቶች የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ በዩኔስኮ፣ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከነጭ ዓሣ ሌላ በሐይቁ ውስጥ ለገበያ የሚቀርቡ ዋና ዋናዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። የሦስቱም ኑሮ እጅግ የተለያየ ነው። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር በጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ጎጆውን ይሠራል፤ እናቲቱም እንቁላሉን በአፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች። አምባዛ በክረምት ሜዳውን ውሃ ሲሸፍነው ሣር ወዳለበት ረግረግ ወጥቶ ይራባል። ነጭ ዓሣ ደግሞ አብዛኛው ወንዝ ካልወጣ ዘር አይተካም። ስለዚህ አንድ ሐይቅ ሦስት ልዩ ልዩ መዋለጃ ያስፈልገዋል፤ እነርሱም ዳርቻው፣ ረግረጉና ወንዙ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲበላሽ የሐይቁ ሚዛን ይዛባል።

ሚዛኑ የተዛባበት ጊዜ

በጣና ዓሣ ማስገር የቆየ ሙያ ነው። የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፉ ዳር ዳሩን ሲያሰግሩ ኖረዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ግን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የኔዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ትብብር በተጀመረ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ። ይህም ለብዙ ሰው ሥራ ፈጠረ፤ ዓሣም ወደ አዲስ አበባ ገበያ ለመድረስ ቻለ። ይሁን እንጂ ሞተር ያለው ጀልባ ከታንኳ ርቆ ስለሚሄድ፣ በክረምት በወንዞቹ መግቢያ ላይ የተሰበሰበውን ዓሣ በአንድ ሌሊት በብዛት ለመያዝ አስቻለ።

ተመራማሪዎች በባሕር ዳር በኩል ባለው የሐይቁ ክፍል በ1980ዎቹ መጀመሪያና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ያገኙትን ዓሣ ሲያነጻጽሩ፣ በአሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ነጭ ዓሣው በክብደት 75 ከመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው የወጣቱ ዓሣ ነገር ነበር። ገና ለማደግ ላይ ያለው ዓሣ 90 ከመቶ ያህል ጠፍቶ ነበር። ገበሬ ለሆነ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ትልልቆቹ ላሞች መቀነሳቸው አንድ ነገር ነው፤ በጋጣው ውስጥ ጥጃ ሲታጣ ግን ነገ መንጋ አይኖርም።

ምክንያቱም ተጠንቷል። ዋነኛው በወንዞቹ መግቢያና በወንዞቹ ውስጥ እንቁላል ለመጣል የሚወጣውን ዓሣ ማጥመድ ነው። አንዲት እንስት ነጭ ዓሣ በሆዷ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይዛ ትወጣለች። እርሷን በነሐሴ መያዝ አንድ ዓሣ መያዝ አይደለም፤ ለዘር የተቀመጠውን እህል ከጎተራ አውጥቶ እንደ መፍጨት ነው። የትኛውም ገበሬ ልጆቹ ቢራቡ እንኳ ዘሩን አስቀድሞ አይነካም። ለማሳው የሚያውቀውን ሕግ ለወንዙም ቢያውለው ኖሮ ጉዳቱ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

በወንዙ ውስጥ የሚደርሱት አራት ጉዳቶች

የመጀመሪያው መረብ ነው። ዓሣው በጠባብ ቦታ ተጨንቆ ስለሚያልፍ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ መረብ ወይም በድንጋይና በቅጠል የተሠራ አጥር አንድም ሳያስቀር ይይዘዋል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው ርካሽ የላስቲክ ክር መረብ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ዓይኑ ጠባብ በመሆኑ ወጣቱን ዓሣ ሳይቀር ያንቃል፤ ተቀዶ ሲጣልም ሳይበሰብስ በውሃው ውስጥ እየተንሳፈፈ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ብርብራ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት በጀርባው ይንሳፈፋል፤ ሰውም በእጁ እየለቀመ ይወስደዋል። ትልቁ ዓሣ ለምግብ ሲወሰድ፣ ከእርሱ ጋር የሞተው ጫጩትና ለጫጩቱ ምግብ የሚሆነው የውሃ ነፍሳት ሁሉ ግን እንዲያው ይባክናል። መረብ ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ትንሹን ያሳልፋል፤ ብርብራ ግን ትልቅና ትንሽ አይለይም። በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ዓሣን በመርዝ መያዝ የተከለከለ ነው።

ሦስተኛው የጠጠሩ መጥፋት ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ከጎርፍም ከበላተኛም ይድናል፤ ንጹሕ ውሃም በመካከሉ እያለፈ አየር ይሰጠዋል። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ እየተጫነ ሲወሰድ ግን መዋለጃው ራሱ ይሄዳል። ከጉና ወገብ ላይ ያለው ማሳ እርከን ሳይሠራለት ሲታረስ ደግሞ የሚታጠበው አፈር በጠጠሩ ላይ ይደፋል፤ እንቁላሉም ደለል ለብሶ ታፍኖ ይሞታል። እርከን የሚሠራው የላይኛው ገበሬ የራሱን አፈር ከማዳኑ ሌላ፣ ምናልባት ሳያውቀው፣ ታች ያለውን ዓሣ እያዋለደ ነው።

አራተኛው የውሃው ማነስ ነው። ሩዝ በፎገራ ሜዳ ከተስፋፋበት ጊዜ ወዲህና በበጋ ለሽንኩርትና ለሌላ አትክልት የሚሠሩ የውሃ ፓምፖች ከበዙ ወዲህ ወንዞቹ በጥርና በየካቲት እጅግ ይመነምናሉ። በወንዙ ኩሬዎች ውስጥ የቀረ ጫጩት ኩሬው ሲደርቅ አብሮ ያልቃል። ለአምባዛ መራቢያ የሚሆኑት እንደ ወላላና ሸሸር ያሉ የፎገራ ረግረጎችም እየተጠነፈፉ ለእርሻ መዋላቸው ሌላው ጉዳት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የተንሰራፋው እምቦጭ ደግሞ የቆሮሶን ዳርቻ አልብሶታል።

በርብ ወንዝ ላይ ያለው ሁኔታ የራሱ ጠባይ አለው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የርብ ግድብ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና 230 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ የሚይዝ ነው። ዓላማው የፎገራን ሜዳ በመስኖ ማልማት ሲሆን፣ ይህም ለገበሬው ታላቅ ነገር ነው። ዓሣ ግን እንዲህ ያለውን ግድብ አልፎ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በርብ በኩል የቀረው መዋለጃ ከግድቡ በታች ያለው ብቻ ነው። በነሐሴና በመስከረም ለዓሣው ጉዞ የሚበቃ ውሃ ከግድቡ እንዲለቀቅ መጠየቅ የታችኛው ተፋሰስ ገበሬዎች መብትም ተግባርም ነው። ጉማራ ደግሞ በዚህ ረገድ ለሐይቁ ያለው ዋጋ ከፍ ማለቱን መገንዘብ ይገባል።

ከሌላ አገር የተገኙ ሁለት ትምህርቶች

የሐይቅ ዓሣ አልቆ ሊመለስ ይችል እንደሆነ ለሚጠይቅ ከአሜሪካ የተገኘ አንድ ምሳሌ አለ። በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ሬድ ሌክ የሚባል፣ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ይገኛል። የሐይቁን አብዛኛውን ክፍል የያዙት የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የቺፔዋ ተወላጆች ናቸው። በዚያ ሐይቅ ዎልአይ የሚባለው አዳኝ ዓሣና ፐርች የሚባለው ትንሹ ዓሣ ለብዙ ዓመታት ሲሰገሩ ኖረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ዎልአይ ከመጠን በላይ በመሰገሩ ከሞላ ጎደል አለቀ። ዎልአይ ሲጠፋ የተለቀቀውን ቦታ ክራፒ የሚባል ሌላ ዓሣ ሞላው።

በዚህ ጊዜ የነባሩ ሕዝብ አስጋሪዎች መረባቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ። በ1999 ደግሞ የነባሩ ሕዝብ ምክር ቤት፣ የክፍለ ሀገሩና የፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተስማምተው ማስገሩን በመላው ሐይቅ አቆሙ። የተፈለፈለ ጫጩትም በብዛት ወደ ሐይቁ ጨመሩ። ሰባት ዓመት ታገሡና በ2006 ሐይቁ በመጠን በተወሰነ አያያዝ እንደገና ተከፈተ። ዎልአይ ሲመለስ የክራፒው ብዛትም ወደ ልኩ ወረደ፤ ሚዛኑም ተስተካከለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከጫጩቱ ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ስምምነቱ ነው። ከሐይቁ ዳር አንዱ ወገን ብቻ አቁሞ ሌላው ቢቀጥል ኖሮ የተጨመረው ጫጩት ሁሉ የሌላው መረብ ሲሳይ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት የሚያሳዝን ነው። በፊሊፒንስ አገር በሚንዳናው ደሴት በሚገኘው ላናኦ ሐይቅ ውስጥ እንደ ጣናው ነጭ ዓሣ ከአንድ ግንድ የወጡ ብዙ ዝርያዎች ነበሩ። ከውጭ የመጡ ሌሎች ዓሦች ወደ ሐይቁ በመግባታቸውና ማስገሩም ልክ በማጣቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፉ። ጣና በዓለም ብቸኛ የሆነው የላናኦው ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ ለርብ ግድብም ሆነ በየማሳው ለሚቆፈር ኩሬ የሚሆን የዓሣ ጫጩት ከሌላ ቦታ ሲመጣ፣ ወንዝ ሲሞላ አምልጦ ወደ ጣና የሚገባ ባዕድ ዓሣ እንዳይሆን አስቀድሞ ባሕር ዳር የሚገኘውን የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ያስፈልጋል።

የማኅበሩ መሪ ምን ማድረግ ይችላል?

የመጀመሪያው ሥራ መዋለጃዎቹን ማወቅ ነው። በየማኅበሩ ክልል ውስጥ በሚያልፈው ወንዝና ገባር ውስጥ ዓሣ በነሐሴ የሚታይበት ጠጠራማ ቦታ የትኛው እንደሆነ እረኞችና ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ይህንን ጠይቆ፣ ቦታዎቹን በስም መዝግቦ፣ አሸዋና ጠጠር የማይወጣባቸው መሆናቸውን በጠቅላላ ጉባኤ ማስወሰን ይቻላል። አሸዋ የሚወጣበት ሌላ ቦታ አብሮ ካልተወሰነ ግን ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የክረምቱን ዕረፍት ማወጅ ነው። ጉዞው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የሚበረታው ግን በነሐሴና በመስከረም ነው። ቢያንስ በእነዚህ ሁለት ወራት በወንዙ ውስጥና በወንዙ መግቢያ መረብ እንዳይዘረጋ፣ አጥር እንዳይሠራ፣ በማንኛውም ጊዜም ብርብራ እንዳይበተን በማኅበሩ የውስጥ ደንብ ውስጥ ማስገባት ይገባል። አዋጁ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በሌሊት ወንዝ ዳር የሚደረገውን ከወረዳ ከተማ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ የሚያየው የጎረቤት ዓይን ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የላይኛውንና የታችኛውን ማስተሳሰር ነው። አንድ ማኅበር በወንዛዬ አካባቢ በብርቱ ቢጠብቅ፣ በወንዙ መግቢያ ያለው ማኅበር ደግሞ መረብ ቢያስዘረጋ፣ ወደ ወንዛዬ የሚደርስ ዓሣ አይኖርም። መግቢያው ተጠብቆ ከላይ ብርብራ ቢበተንም ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ላይ ያሉ ማኅበራት፣ ከጉና ሥር ካሉት ጀምሮ እስከ ሐይቁ ዳር ካሉት የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ድረስ፣ ሐምሌ ሳይገባ በሰኔ ውስጥ ተወካዮቻቸውን ሰብስበው አንድ ዓይነት ቀንና አንድ ዓይነት ቅጣት ቢወስኑ ይበጃል። የመስኖ ውሃ በተራ ለማጠጣት የሚስማማ ገበሬ፣ ያው ውሃ ለሚያወርደው ዓሣ ለመስማማት አያቅተውም።

አራተኛው በበጋ የፓምፕ ተራ ሲመደብ ለወንዙ ድርሻ መተው ነው። ወንዙ ጨርሶ ሳይቆረጥ ጥልቅ የሆኑት ኩሬዎች ውሃ ይዘው እንዲከርሙ ቢደረግ፣ ጫጩቱም ከብቱም ይተርፋል።

ዕረፍቱ የሚጎዳው ማንን ነው?

ይህ ሁሉ ሲባል አንድ ነገር መሸፋፈን አይገባም። በነሐሴ ወንዝ የሚወርደው ሰው ብዙውን ጊዜ መሬት የሌለው ወጣት ወይም እህሉ አልቆ አዲሱ ያልደረሰለት ገበሬ ነው። ነሐሴና መስከረም ጎተራ የሚጎድልባቸው፣ ልጅን ትምህርት ቤት ለማስገባት ደብተርና ልብስ የሚገዛባቸው ወራት ናቸው። በዚህ ጊዜ ወንዙን ዝጋ የተባለው ሰው ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ሆኖ፣ ጥቅሙ ግን ከዓመታት በኋላ በሩቅ ለሚያሰግር ባለ ጀልባ የሚሄድ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ፍትሐዊ የሆነ ማኅበር ክልከላውንና ምትኩን በአንድ ጉባኤ ይወስናል። የወንዝ ጥበቃውን ሥራ ራሳቸው እነዚህ ወጣቶች በተራና በክፍያ እንዲሠሩት ማድረግ አንዱ መንገድ ነው፤ ዓሣው የት እንደሚያልፍ ከእነርሱ የሚበልጥ የሚያውቅ የለም። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ዓይኑ በሰፋ መረብ በሐይቁ ላይ ለማስገር በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ መርዳት ይቻላል። የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው በጾም ወራት፣ በተለይም በዐቢይ ጾም በመሆኑ፣ በነሐሴ በእንቁላሏ ያልተያዘችው ዓሣ በየካቲትና በመጋቢት ገበያ ትፈለጋለች። የሐይቁ ዳር አስጋሪዎችም ወንዙ ሲጠበቅ ከሚያገኙት ላይ ለጥበቃው ቢያዋጡ ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ አይቀርም።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ዘንድሮ በጉማራ ጠጠር ላይ የተፈለፈለ ጫጩት ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ አድጎ፣ እንደገና እንቁላል ይዞ ወደ ወንዙ እስኪመለስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከአንድ ክረምት ጥበቃ በኋላ ለውጥ አልታየም ብሎ መተው፣ ችግኝ ተክሎ በዓመቱ ፍሬ አላፈራም ብሎ እንደ መንቀል ነው። ጥበቃው ሳይቋረጥ ዓመት ከዓመት ከቀጠለ ግን፣ ምልክቱን አስቀድመው የሚያዩት በወንዙ ኩሬ ዳር የሚውሉት እረኞች ይሆናሉ። በጥቅምት ውሃው ሲጠራ በጠጠሩ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ጫጩት ሲያዩ፣ ዘሩ ወደ ጎተራው መመለስ መጀመሩን ለማኅበሩ መንገር ይችላሉ።

የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት በጉማራና በርብ ዳር ያሉ ማኅበራት በሰኔ ስብሰባቸው ላይ ከዘርና ከማዳበሪያ ጉዳይ ቀጥሎ የወንዙን ጉዳይ አንድ አጀንዳ አድርገው ቢይዙት ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።